አንድ ሰው፣ አንድ ቋንቋ

ሰው የሚሰማኝ የለም ብሎ ሲያስብ አንደበቱ እንዴት እንደሚፈታ ማየት የፈለገ፣ ያኔ የጣሰውን አውቶቡስ መሳፈር ነበረበት።

ጣሰው ኩዌት ውስጥ የአንድ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው። ጠዋት ጠዋት ሪቃይ ከሚባለው ሰፈር ቤቶች ደጃፍ ሕፃናት እየሰበሰበ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲነዳ፣ ከራሱ በላይ በተሰቀለው ሰፊ መስታወት ፊተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጠውን ረዳት መምህርት ሰረቅ አድርጎ ያያል። ያያትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ ያወራታል።

«ዛሬ ደግሞ ፀጉርሽን ወደ ላይ አስረሽው መጣሽ!» ይላል፣ ዓይኑን ወደ መንገዱ እየመለሰ። «ምን በደልኩሽ? የሰው ልጆች ጭኛለሁ እኮ። መንዳት አለብኝ።»

ረዳት መምህርቷ በመስኮት ትመለከታለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ጣሰው ደግሞ ምንም እንዲነበብ አይጠብቅም፤ ምክንያቱም እሱ እንደሚያውቀው ልጅቷ ጅቡቲያዊት ናት፤ ከፈረንሳይኛ በቀር የምታውቀው ቋንቋ የለም። ተማሪዎቹ ማድሞዜል ሶሊ ነው የሚሏት።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማድሞዜል ሶሊ ሙሉ ስሟ ሶሊያና ነው። ከጅቡቲ የመጣችው እዚያ ሁለት ዓመት ስላስተማረች እንጂ፣ ተወልዳ ያደገችው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አባቷ የምድር ባቡር ሰው ነበሩና ፈረንሳይኛውን ከእሳቸው ወሰደች፤ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውንና ሶማልኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ እየተራገጠች ለመደች። ጣሰው በመስታወቱ የሚወረውረው ቃል ሁሉ ጆሮዋ ገብቶ ልቧ ላይ ያርፋል።

ታዲያ ለምን አትመልስለትም? በትምህርት ቤቱ ደንብ ምክንያት ነው።

እዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ከሦስት ዓመታቸው ጀምረው በፈረንሳይኛ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ይማራሉ። ቋንቋዎቹ እንዳይደበላለቁባቸው እያንዳንዱ አስተማሪ አንዱን ብቻ ይይዛል። «አንድ ሰው፣ አንድ ቋንቋ» ይላሉ። ዳይሬክተሯ ሶሊያናን ሲቀጥሯት በደንብ አስጠንቅቀዋታል። «ልጅ ብልጥ ነው። ሌላ ቋንቋ እንደምታውቂ ከደረሰበት ፈረንሳይኛውን ጣል ያደርገዋል። ልጆች ባሉበት ሁሉ አንቺ ፈረንሳይኛ ብቻ ነሽ።»

ሁሉም እንዲያ ነው የሚኖረው። የዐረብኛ መምህርቷ ቤሩት ተወልዳ ፈረንሳይኛን እንደ ውሃ የምትጠጣ ሴት ናት፤ ልጆቹ ፊት ግን አንዲት የፈረንሳይኛ ቃል ገብቷት አያውቅም። ሶሊያናም አንድ ሕፃን በዐረብኛ ውሃ ጠማኝ ሲላት በፈረንሳይኛ እስኪጠይቃት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትጠብቃለች። መጀመሪያ ሰሞን ጭካኔ መስሏት ነበር። ኋላ ግን እነዚያ ትንንሽ ልጆች ወደ እሷ ሲዞሩ ፈረንሳይኛ፣ ወደ ዐረብኛ መምህርታቸው ሲዞሩ ዐረብኛ እያወሩ፣ ደጃፍ ላይ ጫማ እንደሚቀይር ሰው ቋንቋ ሲቀይሩ አየችና ደንቡን ወደደችው።

አውቶቡሱ ውስጥ ደግሞ ያለ ልጅ የምትሆንበት ደቂቃ የለም። የምትኖረው ሳልሚያ ሰፈር፣ ትምህርት ቤቱ ለሠራተኞቹ በተከራየው ሕንፃ ነው፤ የዳይሬክተሯ ሁለት ልጆች አብረዋት ይሳፈራሉ፣ አብረዋት ይወርዳሉ። ስለዚህ ጣሰው በመጀመሪያው ቀን የሀበሻ መልኳን አይቶ ፊቱ በርቶ «እንዴት አደሩ እህቴ? የት አገር ልጅ ነዎት?» ሲላት «ቦንዡር» ብላው ተቀመጠች። የፊቱ ብርሃን ጠፋ። የአውቶቡሶቹ ኃላፊም ደንቡን ያውቃልና «ከጅቡቲ ናት፤ ፈረንሳይኛ ብቻ ነው የምትችለው» አለው። ጣሰው አመነ። ካመነ በኋላ ነው ማውራት የጀመረው።

ምን ያላወራት ነገር አለ? ቡሬ ላይ ስላለው የአባቱ ግቢ፣ ስለ እህቱ ሠርግ፣ በበጋ ሙቀት መሪው እጅ ሲያቃጥል ስለሚለው ነገር ሁሉ አወራት። ይጠይቃታልም። «ትዳር አለሽ ይሆን? ጣትሽ ላይ አላይም፤ እናንተ አገር ግን ቀለበት ላያደርጉም ይችላሉ።» «ዝናብ ትወጃለሽ? እኔስ ናፈቀኝ።» «ምነው ዛሬ ዓይንሽ አበጠ? ማን አስለቀሰሽ?» ያን ቀን በእርግጥ አልቅሳ ነበር። የአባቷ ሙት ዓመት ነበር። ከሰው ሁሉ ያየላት እሱ ብቻ ነው፤ እሱም መልስ አልጠበቀም።

ሚስጥሩን ያወቀች አንዲት ፍጡር ነበረች። ሊን የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ናት፤ አባቷ ኩዌታዊ፣ እናቷ ሊባኖሳዊት ናቸው። ሊንን ከተወለደች ጀምሮ ያሳደገቻት ሀጂራ የምትባል የወሎ ልጅ ናት። ጠዋት ጠዋት እሷው ናት ልጅቷን ይዛ ሪቃይ በሩ ላይ የምትቆመው፤ ከጣሰው ጋርም «ጣሴ፣ አማን ነህ?» እየተባባሉ እንደ ወንድምና እህት ሆነዋል። አንድ ጠዋት ከአውቶቡሱ ፊት አንድ ሰውዬ ሲንፏቀቅ ጣሰው «ይሄ መኪናውን እየነዳ ነው ወይስ እያስታመመ?» አለ። ሊን ከት ብላ ሳቀች። ሶሊያናም ሳታስበው ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ልጅቷ አየቻት። ከዚያ ትንሿን ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች፤ ለማንም አልተናገረችም።

እንግዲህ ደንብ ደንብ ነው እንበል። ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከመጀመሪያው ወር ወዲያ ደንቡ ለሶሊያና ሰበብ ሆኗታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን አስገብታ ወደ አውቶቡሱ ተመልሳ መሮጥ ትችል ነበር። ምን ልትለው? «ያልከውን ሁሉ ሰምቻለሁ» ይባላል? ደግሞም እናቷ ነበሩ። ወይዘሮ እማዋይሽ በደወሉ ቁጥር ወሬያቸው ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ፋርማሲ ውስጥ ስለሚሠራ አንድ ልጅ ነው። «ጠየቀሽ፤ ፎቶሽን አይቶ በፈረንሳይኛ መልእክት ጻፈ» ይሏታል። እኚህን እናት አውቶቡስ ነጂ ወደድኩ ማለት ለሶሊያና ቀላል አልነበረም።

ለየካቲቱ የኩዌት ብሔራዊ በዓል ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ የመጨረሻው ቀን ላይ ጣሰው እንደ ወትሮው አልቀለደም። ሳልሚያ ሊደርሱ ሲሉ በመስታወቱ አያት።

«ከማንም ጋር እንዲህ አውርቼ አላውቅም» አላት። «የማትሰሚኝ ስለሆንሽ ነው መሰለኝ። ብትሰሚኝማ ምላሴ ይተሳሰር ነበር።»

ሶሊያና ከአውቶቡሱ ወረደች። ከበዓሉ መልስ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ልጆቹ ፊት እንኳ ቢሆን ልትነግረው ወሰነች። የበዓሉን ቀናት ሁሉ የምትለውን ስትለማመድ፣ ስታፈርሰው፣ ደግማ ስትሠራው ከረመች።

«ከበዓሉ መልስ» የሚባል ነገር ግን አልመጣም። የመጣው ኮሮና ነው። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ አውቶቡሶቹ ቆሙ፤ ጣሰው ከመስታወቱ ጋር አብሮ ከሕይወቷ ወጣ።

* * *

ትምህርቱ ወደ ስልክና ወደ ታብሌት ገባ። ሶሊያና ከሳልሚያ ክፍሏ ሆና ስክሪኑ ላይ በየሳጥናቸው ውስጥ የተደረደሩ ትንንሽ ፊቶችን «ቦንዡር» ትላለች። ልጆቹ አንዱ ከአልጋው፣ አንዱ ከምግብ ጠረጴዛው ስር ሆነው ይመልሱላታል። ሊን ሁልጊዜ ኩሽና ውስጥ ናት። ከጎኗ የሀጂራ ክንድ፣ አንዳንዴም የያዘችው ጭልፋ ይታያል።

ሚያዝያ ላይ መንግሥት ማህቡላን ዘጋ። የኩባንያ ሠራተኞች ተጨናንቀው የሚኖሩበት ያ የባሕር ዳር ሰፈር ዙሪያው ታጠረ፤ ገቢም ወጪም ቀረ። ጣሰውና ጓደኞቹ የሚኖሩት እዚያ ነው። ሶሊያና ይህን የሰማችው ከዜና ቀድማ ከሊን ማይክ ነው። ልጆቹ «ቀይ፣ ሰማያዊ» እያሉ በፈረንሳይኛ ሲዘምሩ ከሊን ሳጥን በስተጀርባ የሀጂራ ድምፅ በስልክ ያወራ ነበር።

«ጣሴ፣ በላህ ወይ? ወላሂ ማዳም ብትፈቅድልኝ ምግብ እልክልህ ነበር። በአጥሩ ያሳልፋሉ እንዴ? ... ጎረቤትህን ወሰዱት? ያ አላህ! አንተስ አላተኮሰህም?»

ሶሊያና ያን ቀን መዝሙሩን አራት ጊዜ አስደገመቻቸው።

ከዚያ ወዲህ የሁሉንም ልጅ ማይክ ትዘጋለች፤ የሊንን ግን አትዘጋም። ሽንኩርት ሲከተፍ፣ ድስት ሲከደን፣ ማዳም በዐረብኛ ስትጣራ ይሰማል። ዳይሬክተሯ አንድ ቀን «ያቺን ልጅ ለምን አትዘጊያትም? ሁካታ ነው» አሏት። «ዓይን አፋር ናት፤ ድምፅዋን እንድትለማመድ ብዬ ነው» አለች። ሊን ዓይን አፋር! ትምህርት ቤቱን በሙሉ የምታስተዳድር የምትመስል ልጅ!

በዚያች ማይክ ነበር የኖረችው። አተኮሰው ሲባል አተኮሳት። ድኗል ሲባል መስኮቷን ከፍታ አለቀሰች። ከሀጂራ ስልኩን መጠየቅ ስትችል አልጠየቀችም፤ ሀጂራም እንደ ሌላው ሰው ጅቡቲያዊት አድርጋ ነው የምታውቃት። ነገ እናገራለሁ እያለች ክረምቱ አለፈ። ማህቡላ ተከፈተ። አውቶቡሶቹ ግን እንደቆሙ ቀሩ።

በአዲሱ የትምህርት ዓመት መጀመሪያ የሊን እናት ለልጇ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ ገዛችላት። ሁካታው ጠፋ፤ ኩሽናው ዝም አለ። ዳይሬክተሯ ተደሰቱ። ሶሊያና ግን ጠዋት ጠዋት ያንን ሮዝ ነገር ባየች ቁጥር ሆድ ይብሳታል። ጣሰው ይኑር ይሙት፣ ይብላ ይራብ የሚነግራት ጠፋ። ያኔ ነው ናፍቆት ምን እንደሆነ የገባት። እስከዚያ ናፍቆት የመሰላት ሁሉ ለካ መጽናኛ ነበር።

* * *

የካቲት ላይ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን በሚባለው ዕለት፣ ትምህርት ቤቱ ለአንድ ጠዋት ደንቡን ለልጆቹ አላላ። እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ውስጥ በሚወደው ቋንቋ አንድ ነገር ይናገር ተባለ። ለአስተማሪዎቹ ግን ያው ነው፤ ፈረንሳይኛ ብቻ። ዳይሬክተሯም ለማየት ገቡ፤ ከሳጥኖቹ አንዱ ውስጥ መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ።

አንዱ በዐረብኛ ግጥም አለ። አንዷ አያቷ ያስተማረቻትን የቱርክ ዘፈን ዘፈነች። ከዚያ ተራው የሊን ሆነ። ሊን ሮዙን ማዳመጫ ከጆሮዋ አወለቀች፤ ወንበሯ ላይ ተነስታ ቆመች።

«እንደምን አደራችሁ» አለች፣ በወሎ አማርኛ። «የኔ ቋንቋ አማርኛ ነው። ሀጂራ ናት ያስተማረችኝ። ጣሰው ዛሬ ወደ አገሩ ይሄዳል። እኔ አልቅሻለሁ። ቻው ጣሰው።» ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

ልጆቹ ምንም ባይገባቸውም አጨበጨቡ። ዳይሬክተሯም ፈገግ ብለው አጨበጨቡ።

«ዛሬ?» አለች ሶሊያና።

ጭብጨባው ቆመ። አፏ የራሷ አልነበረም።

«ሊንዬ፣ ዛሬ በስንት ሰዓት ነው የሚሄደው? የት ነው ያለው?»

በሳጥኖቹ ውስጥ ያሉት ዓይኖች ሁሉ ፈጠጡ። አንዱ ልጅ በፈረንሳይኛ «ማድሞዜል ሶሊ ሌላ ቋንቋ ታውቃለች!» ብሎ ጮኸ፤ ጉድ ፈላ! ዳይሬክተሯ «ማድሞዜል?» አሉ። በሊን ሳጥን ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ የሻሽ ጫፍ፣ ቀጥሎ አንድ ትልቅ ዓይን፣ ከዚያ የሀጂራ ፊት ሙሉ በሙሉ መጣ።

«ያ አላህ! አንቺ... ሀበሻ ነሽ እንዴ?»

«ነኝ። ሀጂራ፣ በናትሽ፣ በስንት ሰዓት ነው?»

«ኩባንያው ሹፌሮቹን አሰናበተ፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ ኢቃማውን ሰረዘ። ከቀትር በኋላ ከማህቡላ ያነሷቸዋል። ለውጭ ሰው የአገሩን መግቢያ ዘግተውት የለ? ከሄደ መመለስ የለውም እህቴ።» ሀጂራ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። ልጅቷ ከስንት ቋንቋ የእሷን መርጣ በመቆሟ ቀድሞም አልቅሳ ነበር። «ግን አንቺ ጣሰውን በምን...»

«እኔ አውቅ ነበር» አለች ሊን፣ እጇን አጣጥፋ። «ስትስቂ አይቼሻለሁ።»

ሶሊያና ትንፋሿን ሰብስባ ለልጆቹ በፈረንሳይኛ እንዲህ አለቻቸው፤ «ዛሬ የቤት ቋንቋ ቀን ነው። ይህ የኔ የቤት ቋንቋ ነው።» ከዚያ የለበሰችውን ሳታይ፣ ቦርሳዋንና ማስኳን ይዛ ወጣች።

ታክሲው ውስጥ ዳይሬክተሯ ደወሉ። «ደንቡን ታውቂያለሽ» አሉ።

«አውቃለሁ። ጥሼዋለሁ።»

ሴትዮዋ «ነገ እንነጋገር» ብለው ዘጉ። ሶሊያና ስለ ነገ ማሰብ አልቻለችም። ከነገ በፊት ያለው ከሰዓት በኋላ መላ ሕይወቷን ያህል ሰፍቶባት ነበር።

* * *

ሀጂራ ማህቡላ ያለውን የሹፌሮቹን ሕንፃ አድራሻና የጣሰውን ስልክ ልካላት ነበር። ሶሊያና ግን አልደወለችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማት ፊቷን እያየ እንዲሰማት ፈለገች።

ከሕንፃው ጥላ ስር ሹፌሮቹ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም ሀበሾች ናቸው፤ ሁሉም ማስክ አድርገዋል። ጣሰው ግን በማስክ የሚደበቅ ሰው አልነበረም። ያንን ግንባርና እነዚያን ዓይኖች ስንት ጠዋት በመስታወት አይታቸዋለች! እሱም አያትና ቀስ ብሎ ተነሳ። ግራ ገባው። ከዚያ የሚያውቃትን አንዲት ፈረንሳይኛ አወጣት።

«ቦንዡር» አላት።

«ደህና ዋልክ፣ ጣሰው።»

ሌላ ሰው የተናገረ ይመስል ዞር ብሎ ከኋላው ተመለከተ።

«ሶሊያና ነው ስሜ» አለችው። «የድሬዳዋ ልጅ ነኝ።»

የጣሰው ጆሮዎች ቀሉ። «ከመቼ ጀምሮ ነው... የሚሰሙኝ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። እርስዎ ግን አትበለኝ፤ ድሬዳዋ እርስዎ የሚባል ሰው የለም።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እጁን ሲያነሳ ዓይኑ ውስጥ ኀፍረቱ ቁጣ ሆኖ ነበር። «ታዲያ እንደ ዕብድ ብቻዬን ሲያስለፈልፉኝ ከረሙ? ቤትዎ ገብተው ይስቁብኝ ነበር?»

የደንቡን ነገር ነገረችው፤ ልጆቹን፣ ዳይሬክተሯን፣ «አንድ ሰው፣ አንድ ቋንቋ»ን። ጣሰው እስከ መጨረሻው ሰማት።

«ደንቡስ ይሁን» አለ። «ከዚያ ወዲህስ? እዚህ አጥር ውስጥ ተዘግቼ ጎረቤቴን በአልጋ ሲያወጡት፣ እኔም እንደሱ ልወጣ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ማን ልጅ ነበር መሃላችን? አንዲት ቃል ምን ነበረባት?»

ይህን ጥያቄ ፈርታው ነበር። መልሱንም ታውቀዋለች፤ አስቀያሚ መልስ ነው።

«ፈራሁ» አለችው። «ብትሰሚኝ ምላሴ ይተሳሰራል ብለኸኝ ነበር። እንዳይተሳሰር ፈራሁ። ሌላም አለ፤ አልዋሽህም። እናቴን ፈራሁ። ሹፌር ነው ማለት ፈራሁ።»

ጣሰው ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «እኔም እንደዚያ ነበር የምለው» አለ በቀስታ፣ «የፈረንሳይኛ መምህርት ከሹፌር ምን አላት እል ነበር። ስላላወቁኝ ነው እንጂ ቢያውቁኝ ምናልባት ብዬ ተስፋ አደርግ ነበር። ለካ አውቀውኝ ነው።» ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሻንጣው ሄደ።

ሶሊያና የመጣችበትን መንገድ አየች። ታክሲው ገና አልሄደም ነበር። ገብታ መሄድ፣ አልቅሳ መርሳት ይቻላል። ሊን ወንበር ላይ ቆማ ስትናገር ትዝ አለቻትና ማስኳን ከአፏ ዝቅ አደረገች።

«የለኝም!» አለች ጮክ ብላ።

ጣሰው ቆመ። ሹፌሮቹ ሁሉ ቀና አሉ።

«ትዳር አለሽ ወይ ብለኸኝ ነበር። የለኝም። ዝናብ ትወጃለሽ ወይ ብለሃል፤ ድሬዳዋ ዝናብ መች አለና፣ ግን እወዳለሁ። ማን አስለቀሰሽ ያልከኝ ቀን የአባቴ ሙት ዓመት ነበር፤ በዚያ ቀን ያጽናናኸኝ አንተ ብቻ ነህ፤ ማጽናናትህን አታውቅም እንጂ። የቡሬውን ግቢያችሁን ብታዪው ትወጂው ነበር ብለሃል፤ አሁንም ካሳየኸኝ አየዋለሁ። ሲያተኩስህ ሰምቻለሁ። ስትድን ሰምቻለሁ። ሹፌር ነው። ሹፌር ነው የምወደው! ይኸው፣ ሰው ሁሉ ይስማ!»

ሹፌሮቹ ጣሰውን አዩት። ከሻንጣው ላይ ወርቅነህ የሚባለው ሹፌር ሊቋቋመው አልቻለም። «ኧረ ጣሰው፣ መልስላት እንጂ! ምን ሆነህ ነው? ስንቱን ያወራህ ሰው!»

ጣሰው ተመለሰ። ሊናገር ሞከረ፤ እንዳለውም ምላሱ ተሳሰረ። ዓይኑ ብቻ ሞላ። በመጨረሻ ከዚያ ሁሉ ቃል የወጣው ይህ ነበር፤

«እናትሽ ስልክ አላቸው?»

«ምን ይሆንልሃል?»

«ሽማግሌ ልልክ ነዋ።»

«እኔ ሳልኖር? እኔ እስከ ሰኔ ልጆቹን ትቼ አልወጣም። ከወጣሁም መመለሻ የለኝም፤ መቼ እንደምመጣ አላውቅም።»

«ሽማግሌ የሚላከው ለእናት ነው» አላት ጣሰው፣ እንባውን በክርኑ እየጠረገ። «አንቺማ ሰምተሽኝ ጨርሰሻል።»

ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ቁጥሩን ስትነግረው ድምፅዋ እየተቆራረጠ ሁለት ጊዜ ደገመችለት። ሚኒባሱ መጥቶ ጥሩንባውን ነፋ። አንዱ ከአንዱ እንዳይጠጋ በሚባልበት በዚያ ዘመን፣ ለጉዞ የተመረመረ ሰው ማንንም እንዳይነካ በተነገረው ቀን፣ ጣሰው እጁን ዘረጋና አስታውሶ ሊመልሰው ሲል እሷ ቀድማ ያዘችው። ከዚያ በፊት እጅ ለእጅ ተነካክተው አያውቁም። መዳፉ ሻካራ ነበር፤ ሞቃት ነበር። ወርቅነህ ከሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ጊዜ እስኪጣራ አልለቀቀችውም።

መኪናው ከታጠፈ በኋላ ሶሊያና የሕንፃው ጥላ ስር ቆማ ስልኳን አወጣች። ሌላ ሰው እስኪነግራቸው መጠበቅ አልፈለገችም።

«እማዬ፣ ሰው ይመጣል። ሽማግሌ ይልካል።»

«እልልል! የሊዮኑ ልጅ?»

«አይደለም። ጣሰው ይባላል። የቡሬ ልጅ ነው። ሹፌር ነው፣ እማዬ።»

ከወዲያ ማዶ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከቤታቸው ፊት የሚያልፍ ባጃጅ ብቻ ተሰማት።

«ትወጂዋለሽ?» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ በመጨረሻ።

«እወደዋለሁ።»

«እንግዲህ ይምጣና አየዋለሁ» አሉ፣ ቅር እንዳላቸው ሳይደብቁ። ከዚያ ድምፃቸው ሳያስቡት ሳሳ። «አንቺስ ሶሊዬ? እሱ መጣ እንበል። አንቺስ መቼ ነው የምትመጪልኝ?»

ሶሊያና ልትመልስላቸው አፏን ከፈተች፤ ልቅሶው ቀደማት።